የካሪየር ቢሮው በር መቼ ይንኳኳ?

ተማሪው የካሪየር ቢሮውን፣ ማለትም ለሥራ ዓለም የሚያዘጋጀውን የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ክፍል፣ የሚያስታውሰው ጋውን ሊለብስ ሲል ነው፤ ቢሮውም ተማሪውን የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚነሱት ከዚህ ክፍተት ነው። ለዚህ እትም ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት ሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ኢንተርንሽፕ እንወጣለን። ዲፓርትመንቱ «ቦታ ፈልጋችሁ ኑ» ብሎናል። የካሪየር ቢሮው የትብብር ደብዳቤ ጽፎልኝ ለሦስት ፋብሪካዎች አስገባሁ። ወር ሊሞላው ነው፣ አንዱም አልመለሰልኝም። ቢሮው ከደብዳቤ በላይ ምንም አያደርግም ማለት ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቢሮው ደብዳቤ ሰጥቶ ብቻ ማሰናበቱ ጎዶሎ ሥራ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። አሁን ግን አስቸኳዩ ነገር ደብዳቤው የት እንደተኛ ማወቅ ነው። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይወጣና ጥጉ ላይ «ለሰው ሀብት» ተብሎ ይመራል። የሰው ሀብት ኃላፊው ደግሞ «ጥገና ክፍል አስተያየት ይስጥበት» ይላል። አንተን የሚቀበልህ ወይም የማይቀበልህ ይህ የመጨረሻው ሰው፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነው። እሱ ጋ ሳይደርስ ከሦስቱ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ከቀረ አልተከለከልክም፤ ገና አልተጠየቀልህም።

ስለዚህ ስትሄድ «መልስ አለ?» አትበል፤ መልሱ «የለም» ነው። «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» በል። ይህን ለማለት በእጅህ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ደብዳቤ ስታስገባ ሁለት ቅጂ ያዝ፤ አንዱን ስጥ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር አስመታ። በሦስተኛው የሥራ ቀን ጠዋት ተመለስ። ዓርብ ከሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን አትርሳ፤ በድሬ ፀሐይ ለሁለት ሰዓት በር ላይ የቆመ ተማሪ ሁለተኛ አይመለስም። የተመራለትን ክፍል ካወቅህ የክፍሉን ኃላፊ ለአምስት ደቂቃ ለማነጋገር ፈቃድ ጠይቅ።

ቀጥሎ ደብዳቤውን ራሱን እንየው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። አንድ የትብብር ደብዳቤ እነዚህን መያዝ አለበት፦ የድርጅቱን ትክክለኛ ስም፣ የተማሪውን ሙሉ ስምና መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንቱንና ዓመቱን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ ሊሠራበት የሚፈልገውን ክፍል፣ የሚከታተለውን መምህር ስልክ፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪው ደኅንነት የሚወስደውን ኃላፊነት። በብዛት የሚጎድሉት ሁለቱ ቀኖቹና የመምህሩ ስልክ ናቸው። ፋብሪካው «ለስንት ጊዜ ነው? ጉዳት ቢደርስበት ለማን እደውላለሁ?» ብሎ ሲያስብ መልስ ካላገኘ ደብዳቤውን ወደ ጎን ያደርገዋል። የአንተ ላይ እነዚህ ከሌሉ ቢሮው እንዲያርምልህ ጠይቅ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከቢሮው ልትጠይቅ የምትችለው ትልቁ ነገር ግን ደብዳቤ አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ተማሪ የተቀበሉ ድርጅቶችን ዝርዝር ነው። ከድርጅቱ ስም ጎን የክፍሉ ስምና የተቀበለው ሰው ሊኖር ይገባል። ዝርዝሩ እዚያ ከሌለ የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮው ጋ ወይም ዲፓርትመንቱ ውስጥ የኢንተርንሽፕ አስተባባሪው ጋ አለ። ሦስቱ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም፤ ሦስቱንም ማንኳኳት የተማሪው ዕጣ ሆኗል። ሊሆን አይገባም ነበር።

ለሜካኒካል ተማሪ ድሬዳዋ ጠባብ ከተማ አይደለችም። «ፋብሪካ» ሲባል ሁሉም ወደ ሲሚንቶው ይሮጣል፤ ማሽን የሚዞርበት ቦታ ሁሉ ግን ጥገና ክፍል አለው። የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደቡ ውስጥ ያሉት የጭነት ማሽኖች፣ የባቡር ጥገና፣ የሆስፒታል ጄኔሬተርና ቦይለር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ሁሉም ይታሰቡ። ትልልቆቹ ከሞሉ ጋራዥና የብረታ ብረት ወርክሾፕ አይናቅ። ግን በቅድሚያ ሦስት ነገር አረጋግጥ፦ ንግድ ፈቃድ እንዳለው፣ ግምገማህን የሚሞላ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ባለሙያ እንዳለው፣ ማህተም እንዳለው። ዲፓርትመንቱ ቦታውን በጽሑፍ ካላጸደቀልህ አትጀምር፤ አራት ወር ሠርተህ «ይህ ቦታ አይያዝም» መባል አለ።

የቦታው ርቀትም ይታሰብ። ወደ መልካ ጀብዱ የሚያወጣ ሥራ ካገኘህ መጀመሪያ «ሰርቪሱ ተማሪ ይጭናል?» ብለህ ጠይቅ። የቀን የባጃጅና የታክሲ ሒሳብ በሃያ ሁለት የሥራ ቀን ሲባዛ ከቤት የሚላክልህን ሊበላው ይችላል።

ስለ ጊዜ፦ ለየካቲት የሚወጣ ተማሪ ደብዳቤውን ኅዳር ላይ ማስገባት አለበት። ሰኔ መጨረሻ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተማሪ ደብዳቤ ለማየት ፋታ የለውም። ሁለት ቦታ ከተቀበሉህ ደግሞ የተውከውን በአንድ መስመር ደብዳቤ አመስግነህ አሳውቅ። ዝም ብለህ ከቀረህ በሚቀጥለው ዓመት በሩ የሚዘጋው በታናናሾችህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በአካውንቲንግ ከተመረቀች ዓመት አለፋት። ቤት ነው የምትውለው። «ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራ የሚሰጥ ቢሮ አለ» አሉኝ፤ እሷ ደግሞ «ተመርቄ ወጥቻለሁ፣ አይመለከተኝም» ትላለች። ሌላ ሰው ደግሞ 3,000 ብር ከፈልን ባንክ እንደሚያስገባት ይነግረናል። ምን ይሻለናል? (እናት፣ ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ እናታችን፣ ከብሩ እንጀምር፦ አይክፈሉ። ባንክም ሆነ ሌላ ቀጣሪ የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ አመልካች መዝግቦ፣ ፈትኖ ነው የሚቀጥረው፤ ለመመዝገብም ለመፈተንም ከአመልካች ብር አይቀበልም። ገንዘብ ለሚነካ የሥራ መደብ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ እሱ ግን ቅጥሩ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ነው እንጂ ቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ሰውየው ኦርጂናል ማስረጃዋን ከጠየቀም አትስጡት። ኦርጂናል ለማመሳከር ይታያል፣ ወዲያው ይመለሳል፤ የሚቀረው ቅጂው ነው።

ቢሮውን በተመለከተ ልጅዎ በግማሹ ትክክል ናት። የካሪየር ቢሮ ሥራ አይሰጥም፤ የቅጥር ሥልጣን የለውም። ተመራቂ ስለሆነች ግን አይመልሷትም፤ የቀድሞ ተማሪ ማገዝ ከሥራቸው አንዱ ነው። ስትሄድ «ሥራ አለ?» ብላ ሳይሆን ሦስት ነገር ይዛ ትሂድ። ሲቪዋን ያርሙላት። የቃለ መጠይቅ ልምምድ ያድርጉላት፤ ሁለት ሰው ከፊቷ ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ ቢጠይቃት ብቻዋን አሥር ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል። ሦስተኛው፣ ከእሷ ዲፓርትመንት ተመርቀው ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ከያዙት ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር በፈቃዳቸው በስልክ ያገናኟት። ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት የሚሰማው ከእነዚህ ሰዎች ነው።

ይዛ የምትሄደው፦ የቴምፖራሪ (ጊዜያዊ) ዲግሪዋ፣ የውጤት ማስረጃዋና የፋይዳ መታወቂያዋ ቅጂ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀች ስለሆነች የመውጫ ፈተና ውጤቷም ይጠየቃል፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ኦርጂናሉ ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ሳይከፈል ስለማይወጣ ቀጣሪዎች ቴምፖራሪውን መቀበል ለምደዋል፤ በዚህ አትሸማቀቅ። በቀበሌዋም እንደ ሥራ ፈላጊ ትመዝገብ።

ያለፈው አንድ ዓመት ግን ባዶ ሆኖ መታየት የለበትም። በየቃለ መጠይቁ «ይህን ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?» ትባላለች። በሰፈር ካለ ሱቅ ወይም ፋርማሲ ጋ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የገቢና ወጪ መዝገብ ብትይዝ፣ ያንንም ባለቤቱ በጽሑፍ ቢያረጋግጥላት፣ መልስ ይሆናታል። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌርና ኤክሴል ላይ እጇን ታፍታታ። የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ ከባዶ መሥራት ትቻል፤ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ መሆኑን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን ሳታስብ ትመልስ። «ንድፈ ሐሳቡን አውቃለሁ» የምትል ተመራቂ ብዙ ናት፤ ሠንጠረዡን እዚያው ሠርታ የምታሳይ ግን ትታወሳለች።

ጥያቄ፦ ሲቪዬን ለአሥራ አምስት ቦታ ልኬ አንድም አልተጠራሁም። ስንት ገጽ መሆን አለበት? ፎቶስ ያስፈልጋል? (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ለአዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ፎቶ ማስታወቂያው ካልጠየቀ አያስፈልግም። የምንጠረጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። ስምህ በእንግሊዝኛ በሲቪው፣ በዲግሪውና በፋይዳው ላይ አንድ ዓይነት ተጽፏል? «መሐመድ»፣ «አብዱራህማን»፣ «ጽዮን» የመሳሰሉ ስሞች በአንዱ ወረቀት ሁለት «ኤም»፣ በሌላው አንድ፣ በአንዱ በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ይጻፋሉ። መዝጋቢው ሁለት ሰው መስሎት ይተወዋል። በዲግሪው ላይ ያለውን አጻጻፍ በሁሉም ቦታ ያዝ።

ሁለተኛ፣ ለአሥራ አምስት ቦታ የላክኸው አንድ ዓይነት ሲቪ ከሆነ ለማንም አልላክህም። ማስታወቂያውን ፊትህ አድርገህ የጠየቃቸውን ሦስት ችሎታዎች ከሲቪህ የላይኛው ግማሽ ላይ አስቀምጥ። ሌላው፣ የምትችላቸውን ቋንቋዎች አታሳንስ። በጉምሩክ፣ በሎጂስቲክስ፣ በባንክና በጤና ሥራ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚችል ሰው በዚህ አካባቢ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ የድሬ ልጅ ግን ከመናገር ውጪ እንደ ችሎታ ስለማይቆጥረው «እንግሊዝኛ፣ አማርኛ» ብቻ ጽፎ ያልፋል። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ በራስህ ስም ሰይመህ ላክ።

ጥያቄ፦ የቅርስ አስተዳደር ተማሪ ነኝ። ሁሉም «ይሄ ትምህርት አዲስ አበባ ካልሄድሽ ሥራ የለውም» ይሉኛል። የካሪየር ቢሮውም ስለ ባንክና ስለ ፋብሪካ ብቻ ነው የሚያወራው። (ከሐረር፣ አራተኛ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ሲሉሽ የምትኖሪበትን ከተማ ረስተውታል። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ውስጡ ሙዚየሞች፣ መስጊዶች፣ አዋቾች (የቅዱሳን መዘከሪያ ቦታዎች) እና በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች አሉ። የተመዘገበ ቅርስ ሁልጊዜ ቆጠራ፣ ፎቶ፣ የጉዳት መዝገብና መግለጫ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ይህ ለአንድ ተማሪ የተዘጋጀ ሥራ ነው። ቢሮው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለው አንቺ አምጪለት፦ አንድ ገጽ ጻፊና «በሁለት ወር በአንድ የጁገል በር አካባቢ ያሉ ባህላዊ የሐረሪ ቤቶችን በቅጽ እመዘግባለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አራት ፎቶ፣ የግድግዳና የጣሪያ ሁኔታ፣ የተጠገነበት ቁሳቁስ» ብለሽ አስቀምጪ። ወረቀቱን ለክልሉ የቅርስ ቢሮ የካሪየር ቢሮው በደብዳቤ ይሸኝልሽ። ሥራ የለም የሚባለው ብዙ ጊዜ ማንም በወረቀት ስላላቀረበው ነው። ወደ ሰው ቤት ስትገቢ የባለቤቱን ፈቃድና የምታነሺውን ፎቶ አጠቃቀም አስቀድመሽ መጠየቅሽ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርንሽፕ ላይ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሞላኝ፤ ፎቶ ኮፒ ከማድረግና ከመቀመጥ ውጪ ሥራ አልተሰጠኝም። ሎግ ቡኩን (የዕለት ሥራ መዝገቡን) በምን ልሙላው? (ከድሬዳዋ፣ የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተማሪ)

መልስ፦ በፈጠራ አትሙላው። በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ብዕር፣ በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ሎግ ቡክ መምህሩ ገና ሲገልጠው ያውቀዋል። በየቀኑ አራት መስመር ጻፍ፣ በየሳምንቱ አስፈርም።

«ሥራ ስጡኝ» ማለት ኃላፊው ላይ ሥራ መጨመር ነው፤ እንዲያስብልህ እየጠየቅኸው ነው። አንተ አስበህ ቅረብ። ምርቱ ከጥሬ ዕቃ መግቢያ እስከ መጋዘን የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በአንድ ወረቀት ሣል፤ ይህ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከዚያ ብዙ የሚቆመውን አንድ ማሽን ወይም ማጓጓዣ ቀበቶ ከኦፕሬተሮቹ ጠይቀህ ለይ። አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥራ፦ የቆመበት ሰዓት፣ የቆየበት ደቂቃ፣ ምክንያት፣ ማን አስነሣው። ለሦስት ሳምንት በየፈረቃው ሙላ። ምክንያቶቹን በደቂቃ ብዛት ከላይ ወደ ታች ስትደረድራቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚበሉት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ታገኛቸዋለህ። ያ ፕሮጀክትህ ነው፤ የሪፖርትህም ዋና ምዕራፍ። ለኃላፊው በአንድ ገጽ ስታሳየው ከፎቶ ኮፒው ትነሣለህ።

ይህን አቅርበህ ከተከለከልህ ለአማካሪ መምህርህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ በቃል የተነገረ ቅሬታ ግምገማ ላይ አይቆጠርም። ቦታውን ግን ራስህ ጥለህ አትውጣ። ወደ ማምረቻው ስትገባ የብረት አፍንጫ ጫማ፣ ሄልሜትና እንደ ቦታው የአቧራ ጭንብል ይሰጥህ፤ ካልተሰጠህ አትግባ። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ኮሌጅ የካሪየር ቢሮ ብቻዬን እሠራለሁ። ድርጅቶች ተማሪዎቻችንን አይቀበሉም፤ የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረምናቸው እንኳ። ስህተቱ የት ነው? (ስሜ ይቆይ፣ ከሐረር)

መልስ፦ የሥራ ባልደረባችን፣ የመግባቢያ ሰነድ የሚፈራረሙት አለቆች ናቸው፤ ተማሪ የሚቀበለው ግን ፎርማኑ ነው። ሰነዱ መደርደሪያ ላይ እያለ ፎርማኑ አያውቀውም።

ድርጅቶች «አይ» የሚሉባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን ይፈራሉ። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ተማሪ ይላክባቸዋል። ባለሙያቸው ተማሪ ሲያስረዳ ሥራው ይቆማል። ባለፈው የመጣው ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ጠፍቶ ለግምገማ ቀን ብቻ ተመልሷል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ያስቀይማቸዋል።

ስለዚህ ተማሪ ከመላክዎ በፊት ጥያቄ ይላኩ። አንድ ገጽ ቅጽ ያዘጋጁ፦ በየትኛው ክፍል፣ ስንት ተማሪ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፣ ምን ቢችል ይመረጣል፣ የደኅንነት ዕቃ ማን ያቀርባል፣ የክፍሉ ተጠሪ ማን ነው። ሴሚስተሩ ሳይጀመር ሦስት ወር ቀደም ብለው በእጅዎ ያድርሱ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይውሰዱ። ለአንድ ክፍል ከሦስት ተማሪ በላይ አይላኩ። ተማሪው ከወጣ በሁለተኛው ሳምንት ይደውሉ፣ በስድስተኛው ሳምንት በአካል ይሂዱ፤ ጠፍቶ ከሆነ ያኔ ይያዛል። ሲያበቃ ለፎርማኑ በስሙ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ይድረሰው። ዋጋው አንድ ወረቀት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስልክዎን ያነሳል።

ብቻዎን ስለሆኑ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ይያዙ፦ የተመራቂዎችን አድራሻ። ተማሪው ሊወጣ ሲል ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ቅጽ) ሲሞላ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ዶርሙ፣ ካፌው ይፈርሙለታል፤ የእርስዎም ቢሮ አንድ መስመር ይኑረው። ስልኩን፣ የቴሌግራም አድራሻውንና የቅርብ ዘመድ ስልክ ሳያስመዘግብ አይፈረምለት። ስልክ ቁጥር ይቀየራል፣ የእናት ስልክ ግን እምብዛም። ከተመረቀ በስድስተኛው ወር ደውለው «የት ነህ? ምን ትሠራለህ? መሥሪያ ቤትህ ሰው ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ። አንድ መቶ ተመራቂ በቀን አሥር አሥር ቢደወልላቸው በሁለት ሳምንት ያልቃል። የሥራ አውደ ርዕይ ሲያዘጋጁም የሚመጡትን ድርጅቶችና የሚፈልጉትን ሙያ ከሳምንት በፊት ይለጥፉ። ተማሪው አምስት ሲቪ ይዞ፣ ማንን እንደሚያነጋግር አውቆ ይምጣ፤ ካልሆነ ድርጅቶቹ እስክሪብቶ አድለው ይመለሳሉ።

እነዚያ በስድስተኛው ወር ሥራ ላይ ያገኟቸውን ልጆች ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የቃለ መጠይቅ ልምምድ በጠያቂነት ይጋብዟቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ሻይና የትራንስፖርት ወጪያቸውን ቢሮው ይቻል።